ግንዱ ረዘመ፣ ጥጉ አረንጓዴ ሆነ፣ ስጠብሰው ጎማ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሰላም፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የኦይስተር እንጉዳይ ዘር ገዝቼ የስንዴ ገለባ ቀቅዬ ላስቲክ ውስጥ ዘራሁት። በ18 ቀን ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆነልኝ። ከዛ ጎኑን በስቼ እዛው ቁምሳጥን ውስጥ መልሼ በቀን ሦስቴ ውሃ እረጨዋለሁ። የወጣው ግን ግንዱ እንደ ጣት ረጅም፣ ጃንጥላው ቁልፍ የምታክል። አሁን ደግሞ የላስቲኩ የታችኛው ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። የወጣውን ለቅሜ ስጠብሰው ውሃውን ለቆ ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም፣ ስናኝከው ጎማ። ምን አጠፋሁ? ልጆቼ ቢበሉትስ? ከዚሁ ላስቲክ ዘር ወስጄ ሌላ መስራት እችላለሁ?»

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቀልዴን አይደለም፣ ገለባው በ18 ቀን ነጭ ለበሰ ማለት ከባዱን ግማሽ አልፈሽዋል ማለት ነው፣ ብዙ ጀማሪ እዛ ሳይደርስ ነው ላስቲኩን አውጥቶ የሚጥለው። ሦስት ችግር ነው የጻፍሽው ግን እኔ ሳነበው ሁለት ነው፣ ምክንያቱም ረጅሙ ግንድና ጎማው አንድ ናቸው። እንጉዳይሽ ታፍኗል። ውሃውን በቀን ሦስቴ አስበሽለታል፣ አየሩን ግን ማንም አላሰበለትም።

ሰው እንጉዳይን እንደ አትክልት ነው የሚያየው፣ ውሃ ከጠጣ ያድጋል ብሎ። እንጉዳይ አትክልት አይደለም። አተነፋፈሱ እንደኛ ነው፣ ኦክስጅን ይወስድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ስለዚህ የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ላስቲክ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየተነፈሰ ነው። የሚገርመው ነገር ደሞ ለመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ቁምሳጥኑ ትክክል ነበር። ነጩ ድር (ማይሲሊየም የሚሉት) ገለባውን እየወረረ ባለበት ጊዜ ጨለማው አይከፋውም፣ መታፈኑም ግድ አይሰጠውም፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ይበቃዋል። ነገሩ የሚገለበጠው ፍሬ ማውጣት ሲጀምር ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፣ እስካሁን የሰራ ቦታ አሁንም ይሰራል ብሎ ስለሚያስብ።

ተፈጥሮ ላይ ኦይስተር የሚወጣው ከሞተ የዛፍ ግንድ ውስጥ ነው። ከስንጥቁ ውስጥ አየሩ የታፈነ ነው፣ ስለዚህ እግሩ (አንቺ ግንድ ያልሽው) ንጹህ አየር እስኪያገኝ ይዘረጋል፣ ካገኘ በኋላ ነው ጃንጥላውን የሚከፍተው። አንቺ ቤት ያለው ምስኪን ይዘረጋል ይዘረጋል አየሩ ግን አይመጣም። ውጪ ያለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊየን 400 ምናምን ነው፣ ኦይስተር ደሞ ፍሬ ሲያወጣ ከ1000 በታች እንዲሆንለት ይፈልጋል፣ ዝግ ቁምሳጥን ውስጥ ይሄ ቁጥር ቶሎ ነው የሚታለፈው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንዱን ነቅለሽ የእግሩን ታች እዪው፣ እንደ ጥጥ የሚመስል ነጭ ጸጉር አልብሶት ከሆነ አየር አጥቷል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። መብራትም አስተዋጽኦ አለው፣ ጨለማ ውስጥ የወጣ ኦይስተር ገርጥቶ ይመዘዛል። ቀጥታ ጸሃይ አይደለም የምልሽ፣ መጽሐፍ ማንበብ የሚያስችል ብርሃን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ካገኘ ይበቃዋል።

እና አሁን የወጡትን ረጃጅሞች ይስተካከላሉ ብለሽ አትጠብቂ፣ አይስተካከሉም፣ ሁሉንም ነቅለሽ አውጪ። ላስቲኩን ከቁምሳጥን አውጥተሽ መስኮቱ የሚከፈት ክፍል ውስጥ አድርጊው፣ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ቦታ ግን አይሁን ይደርቃል። ከላዩ ሰፋ ያለ ስስ ላስቲክ ልክ እንደ ድንኳን ጣል አድርጊበት፣ ታቹ ክፍት ይሁን፣ ጎንና ጎኑን በደንብ ብሺው። ውሃ ስትረጪ ድንኳኑን ርጪው እንጂ እንጉዳዩን አትርጪ። ይሄን ደግሜ ልበለው ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስህተት ነው፦ ገና የክብሪት ራስ የሚያክሉ ቡቃያዎች ላይ የውሃ ጠብታ ቁጭ ብሎ ካደረ ቢጫ ይሆናሉ፣ ይዝለገለጋሉ፣ ባክቴሪያ ነው። የድንኳኑ ውስጥ እርጥበት ከ85 እስከ 95 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል፣ መለኪያ ከሌለሽ የድንኳኑ ውስጠኛ ገጽ ላብ ያለው እንዲመስል አድርጊ፣ ታቹ ላይ ኩሬ ካየሽ በዝቷል፣ የጃንጥላው ጠርዝ ከተሰነጠቀ ደሞ አንሷል። የገለባው ላስቲክ ቀዳዳ ደሞ 4 ወይ 5 ቦታ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ በቂ ነው፣ ወንፊት አታድርጊው፣ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ዘለላው እያነሰ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ አረንጓዴው።

ይሄ ሻጋታ ነው፣ በብዛት የሚያጋጥመው ትሪኮደርማ የሚባለው ነው። ተንኮሉ ሲጀምር እሱም ነጭ ነው፣ ከእንጉዳዩ ድር ለይተሽ አታዪውም፣ አረንጓዴ የሚሆነው ዘሩን መበተን ሲጀምር ነው፣ ስለዚህ አረንጓዴ ባየሽ ሰዓት ነገሩ የዛሬ አይደለም። ላስቲኩ ውስጥ ቢጫ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካየሽ ግን እሱ ሻጋታ አይደለም፣ ድሩ የሚያወጣው ነገር ነው፣ ብዙ ከሆነ ተጨንቋል ማለት ነው እንጂ የሚያስጥል አይደለም።

ለምን ታችኛው ጥግ ላይ? እኔ ሳላየው ልገምት፣ እዛ ጋር ውሃ ተጠራቅሟል። ገለባውን ቀቅለሽ ሳይጠነፈፍ ነው የሞላሽው። ትክክለኛው እርጥበት እንዲህ ነው የሚታወቀው፦ አንድ እፍኝ ገለባ ይዘሽ ባለ በሌለ ኃይልሽ ጭመቂው፣ አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከጣቶችሽ መሃል መስመር ሰርቶ ከወረደ ገና ነው፣ ወንፊት ላይ ለተጨማሪ ሰዓታት ተይው። ምንም ካልወጣና እጅሽ እንኳን ካልራሰ ደሞ ደርቋል። የላስቲኩን የታች ሁለት ጥጎችም በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጊ፣ የተረፈው በዛ ይውጣ።

ስለ መቀቀሉ ደሞ። ገለባ መንተክተክ አያስፈልገውም እንደውም ባይንተከተክ ይሻላል። ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውሃ ለአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ተዘፍዝፎ መቆየት ነው፣ ፓስቸራይዝ ማድረግ የሚባለው። ሀሳቡ መጥፎውን ገድሎ ሙቀት የሚችሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ማስቀረት ነው፣ እነሱ ቦታውን ይዘው ለሻጋታው አይለቁለትም። ጨርሰሽ ስታፈይው አብዛኛው ይሞትና ባዶ ቤት ይሆናል፣ ባዶ ቤት ደሞ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚይዘው። እሳት መጠቀም ካልፈለግሽ በኖራ ውሃም ይቻላል፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሆነውን ነው (ለእርሻ መሬት የሚበተነው ካርቦኔቱ አይሰራም)፣ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም በጥብጠሽ ገለባውን ከ12 እስከ 18 ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽንም ጠብቂ፣ ልጆችም አይጠጉት፣ ያቃጥላል።

ዘር የምትጨምሪው ገለባው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። እኔ ስጀምር ላዩን በእጄ ነክቼ ቀዝቅዟል ብዬ መሃሉ ገና ትኩስ የሆነ ገለባ ላይ ዘሬን በትኜ በገዛ እጄ ቀቅየዋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጭ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ የሸተተኝ ጎምዛዛ ሽታ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች ይውረድ፣ እጅሽን መሃሉ ድረስ አስገብተሽ እዪ። መጠኑ ደሞ ለ3 ኪሎ እርጥብ ገለባ ከ150 እስከ 300 ግራም ዘር፣ ለጀማሪ ወደ 300ው ብትጠጊ ነው የምመርጠው፣ ዘር ሲበዛ ድሩ ቶሎ ይደርሳል ሻጋታው ቦታ ያጣል። ዘር ላይ መቆጠብ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። አንድ ሌላ ነገር፣ ድሩ ሲሰራ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ የላስቲኩ መሃል ከክፍሉ በተወሰነ ዲግሪ ይበልጣል፣ ስለዚህ በጣም ትልቅ ላስቲክ አትጠቀሚ፣ ብዙ ካሉም አትደራርቢያቸው።

የአንቺን ላስቲክ ምን ታድርጊው? አረንጓዴው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ከሆነ ከቤት አውጥተሽ ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ አድርጊው፣ ጤነኛው ጎን ገና ሊሰጥሽ ይችላል። መዳፍ የሚያክል ከሆነ ሳትከፍቺው በሌላ ላስቲክ አስረሽ አውጪው፣ ቤት ውስጥ ከፍተሽ ልይ አትበይ፣ የሻጋታውን ዘር የምትበትኚው ለሚቀጥለው ዙር ነው። የተበከለው ገለባ ብስባሽ መሆን ይችላል፣ አትክልት ሥር ጥሩ ነው፣ ኪሳራው ያን ያህል አይደለም።

ልጆቹን በተመለከተ። ሻጋታው እንጉዳዩ ራሱ ላይ ካረፈ አይበላም፣ ቆርጬ አወጣዋለሁ የለም። ከሻጋታው ርቆ በሌላኛው ጎን የወጣ፣ ጠንካራ፣ ንጹህ፣ ሽታው ደስ የሚል ከሆነ ብዙ አብቃይ በደንብ አብስሎ ይበላዋል፣ እኔም በልቻለሁ። ለልጆች ግን አልሰጥም፣ አንድ ሰሃን እንጉዳይ ከዛ ጥንቃቄ አይበልጥም። ከንጹህ ላስቲክ የወጣውንም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበሉ ትንሽ ይቅመሱና ቀኑን እዪያቸው፣ እንጉዳይ የማይስማማው ሰው አለ። ጥሬውን ደሞ ለማንም አትስጪ። ጥሬ ኦይስተር ውስጥ የቀይ ደም ሴል የሚሰብሩ ፕሮቲኖች አሉ፣ ሙቀት ያጠፋቸዋል፣ ስለዚህ ሰላጣ ላይ እንደ ካሮት አይፈገፈግም። ሺታኬ የሚባለውን እንጉዳይ ሌላ ጊዜ ከሞከርሽም በደንብ ይብሰል፣ ያልበሰለ ሺታኬ አንዳንድ ሰው ላይ ልክ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ሽፍታ ያወጣል፣ ይሄ በህክምናው የታወቀ ነገር ነው።

ያልጠየቅሽኝ ግን ቁምሳጥን ስትዪ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ኦይስተር ሲያረጅ ዘር ይበትናል፣ በጣም ብዙ፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ ዙሪያው ያለው እቃ ላይ ሁሉ ያርፋል፣ አንቺ ጋር ደሞ ልብስ ነው። በየጊዜው የሚተነፍሰው ሰው ሳንባው ሊቆጣ ይችላል፣ በትልቅ ደረጃ የሚያመርቱ ሠራተኞች ላይ ስም የወጣለት በሽታ ነው። ስለዚህ መኝታ ቤት አይሁን፣ አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ደሞ ጭራሽ። መፍትሔው ቶሎ መልቀም ነው። ጠርዙን እዪው፣ ጃንጥላው ገና ወደ ታች ትንሽ ጥቅልል እንዳለ ነው ሰዓቱ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ወደ ላይ መገልበጥ ከጀመረ አርፍደሻል። ቡቃያው ከታየ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጅበታል፣ መጨረሻ ላይ ግን በአንድ ቀን እጥፍ ስለሚሆን ጠዋት ገና ነው ብለሽ ማታ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ስትለቅሚ አንድ አንድ እያልሽ አትቁረጪ፣ ዘለላውን ከስሩ ይዘሽ ጠምዘዝ አድርገሽ በሙሉ ንቀዪው፣ የቀረ ጉቶ ይበሰብስና ትንኝ ይጠራል።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ቀሎ ከተሰማሽ ላስቲኩን እንዳለ ለ6 ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ አጠንፍፈሽ መልሺው። ሁለት ሦስት ዙር ይሰጣል፣ አንደኛው ትልቁ ነው ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል። ልምድ ያለው ሰው ከ1 ኪሎ ደረቅ ገለባ በሁሉም ዙር ተደምሮ ከ750 ግራም እስከ 1 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ያገኛል፣ አንቺ መጀመሪያ ላይ ግማሹን ካገኘሽ ጥሩ ሠርተሻል።

ዘር ከዚሁ ላስቲክ ስለመውሰድ፦ ከዚህኛው አይሆንም፣ ነጭ የሚመስለው ቦታ ላይም ሻጋታው ሊኖር ይችላል፣ ችግሩን ነው የምታባዢው። ንጹህ ላስቲክ ካለሽ ግን የተለቀመውን ዘለላ የእግር ታች ቆርጠሽ በፈላ ውሃ ተነክሮ የቀዘቀዘ፣ ህትመት የሌለው ካርቶን መሃል አነባብረሽ ብታስቀምጪው ድሩ ካርቶኑን ይይዘዋል፣ ያንን እንደ ዘር መጠቀም ይቻላል። አንዴ ሁለቴ ይሰራል፣ ከዛ እየደከመ ይሄዳል፣ ያኔ አዲስ ዘር መግዛት ነው። በእህል ላይ ራስሽ ዘር ላድርግ ካልሽ ግን ሌላ ሙያ ነው፣ እህል በ121 ዲግሪ በፕሬዠር ማብሰያ ካልተቀቀለ በቀር ሻጋታ ነው የምታመርቺው።

በነገራችን ላይ ሰው «ኦይስተር ከቻልኩ ሻምፒኞን የሚባለውን ክብ ነጭ እንጉዳይ ልሞክር» ይለኛል ሁልጊዜ። ቀላል ይመስላል ግን የተዘጋጀ ብስባሽ ይፈልጋል፣ ከላዩ ደሞ የአፈር ሽፋን፣ ለሁለተኛ ሙከራ አልመክረውም። ቤትሽ ሞቃት ከሆነ ሮዝ ኦይስተር ሞክሪ፣ እሱ 25 እና 30 ዲግሪ ላይ እንኳን ይፈጥናል፣ ብቻ ፍሪጅ አይወድም፣ በለቀምሽበት ቀን ብዪው።

አሁን መጥበሻው። ጎማ የሆነብሽ ግማሹ ምክንያት ከላይ ያልኩት ነው፣ የጠበሽው እግር ነው፣ የኦይስተር እግር ጭረት የበዛበት ነው ጣፋጩ ጃንጥላው ነው። አየሩን ስታስተካክዪ ግማሹ ራሱ ይፈታል። ቀሪው ግማሽ ውሃ ነው። እንጉዳይ 90 በመቶው ውሃ ነው፣ መጥበሻ ላይ ስትከምሪው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና ልክ እንዳልሽው ይቀቀላል። አብዛኛው ሰው ውሃው ሲወጣ ደንግጦ «በቃ በሰለ» ብሎ የሚያወርደው ልክ መጥበስ ሊጀምር ሲል ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። በቢላ አልቆርጥም፣ በእጄ ከጠርዙ ወደ እግሩ እቀደዋለሁ፣ ራሱ በመስመሩ ይሰነጠቃል፣ የተቀደደው ሻካራ ጠርዝ በኋላ በደንብ ይቀላል። ሰፊ መጥበሻ በደንብ አግልቼ ያለምንም ዘይት እንጉዳዩን አንድ ንብርብር ብቻ አደርጋለሁ፣ ከበዛ በሁለት ዙር። መጀመሪያ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ታች ላይ ይታያል፣ እንጉዳዩ ይሟሽሻል፣ በዚህ ጊዜ እጄን እሰበስባለሁ አላማስልም። ከ5 ከ6 ደቂቃ በኋላ ውሃው ሲያልቅ ድምጹ ይለወጣል፣ ከቡፍቡፍታ ወደ ጥርት ያለ ቸስስ፣ ጆሮሽን ብቻ ስጪው። ያኔ ነው ዘይት ወይ ቅቤ የምጨምረው። ቀድሞ የተጨመረ ዘይት እንጉዳዩ እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፣ ውስጡ ያለው አየር ከወጣና ከተሟሸሸ በኋላ ግን ትንሽ ይበቃዋል። ጫፍ ጫፉ ወርቅማ ሲሆን ጨው፣ ከዛ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ ያርርና ይመርራል።

ይበዛበታል ብለሽም አትፍሪ። ስጋ እሳት ሲበዛበት ይጠነክራል፣ አትክልት ይፈርሳል፣ እንጉዳይ ግን ሁለቱንም አይሆንም ምክንያቱም የሴሉ ግድግዳ ካይቲን ነው፣ የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ነገር፣ በምጣድ ሙቀት አይፈርስም። አስር ደቂቃ ተጨማሪ ብትረሽው እንኳን ይኮማተራል ጣዕሙ ይጠነክራል እንጂ አይበላሽም (ካላሳረርሽው)። ማጠብ ይቻላል ወይ ላልሽውም፣ እሺ አላልሽም ግን ሁሉም ይጠይቃል፣ ይቻላል፣ ቶሎ ለቅለቅ አድርጎ ወዲያው ማብሰል ነው፣ አጥቦ ማስቀመጥ ነው ክፉው።

የተረፈውን በወረቀት ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ፣ 5 ቀን ይቆይልሻል፣ ላስቲክ ውስጥ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይዝለገለጋል። ለማድረቅ 50 ዲግሪ ግድም ሙቀት ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀጭ ብሎ እስኪሰበር፣ የሚተጣጠፍ ከሆነ ገና ነው ይሻግታል። ከማድረቅሽ በፊት የጃንጥላውን የታች ክፍል ወደ ላይ ገልብጠሽ ለግማሽ ሰዓት የቀትር ጸሃይ ብታስመቺው ውስጡ ያለው ኤርጎስቴሮል የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል፣ በነጻ።

ከላስቲኩ ላይ ኦይስተር ያልሆነ ነገር ከወጣ፣ ለምሳሌ ቀጭን እግር ያለው ማታ ወጥቶ በማግስቱ ጥቁር ቀለም ሆኖ የሚቀልጥ፣ ገለባ ላይ ያጋጥማል፣ ነቅለሽ ጣዪው። ሜዳ ላይ ያየሽውን የጅብ ጥላም አሁን እንጉዳይ አውቃለሁ ብለሽ እንዳትለቅሚ። ገዳይ የሚባለው አማኒታ ፋሎይደስ ስትቀቅዪው መርዙ አይጠፋም፣ ምልክቱም ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚመጣው፣ እስከዛ ጉበት ተነክቷል።

አሁን ነቅዪ ያልኩሽን ረጃጅም እግሮች ከንጹሁ ጎን የወጡትን ብቻ ለይተሽ እጠቢያቸው፣ በደንብ አድቅቀሽ በሽንኩርትና በውሃ ለ40 ደቂቃ ቀቅያቸውና አጥልዪው፣ ሾርባ መሥሪያ ይሆንሻል። ጭረቱን ጣዪው። የአረንጓዴውን መጠን ደሞ ለክተሽ ጻፊልኝ፣ ጥፍር ነው መዳፍ?